እማዬ፣ አዲስ አበባም ይተነፈሳል

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ እንድታነብልሽ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። ረጅም ስለሆነ እየዘለለች እንዳትሸውድሽ። ቡና ተፈልቶ ቢነበብ ይሻላል።

ባለፈው ስልክ ላይ «አንተ ልጅ፣ ያ ከተማ ጨረሰህ እኮ፤ ናና ደሴ ትንሽ ተንፍሰህ ተመለስ» ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። አልፈርድብሽም። በተደዋወልን ቁጥር የምትሰሚው ኪራይ ተጨመረ፣ ዘይት ተወደደ፣ ታክሲ ጠፋ ነው። ሰው በስልክ የሚያወራው የከበደውን ነው። ደስ ያለውንማ ምን ብሎ ያወራዋል? «ዛሬ ጠዋት ቡናው ጣፈጠኝ» ብዬ ብደውልልሽ ልጄን አመመው ብለሽ ጠበል ትልኪልኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኪራይ አንዲት ቃል አልጽፍም። (ተጨምሯል፣ ግን አልጽፍም።)

ከጠዋቱ ልጀምርልሽ። ወደ ታክሲ ስወርድ መታጠፊያው ላይ አንዲት ልጅ ጀበና ጥዳ ትቀመጣለች። ከፊቷ ረከቦት፣ ከሥሩ ቄጤማ፣ ዙሪያውን ዝቅ ዝቅ ያሉ የፕላስቲክ መቀመጫዎች። ሲኒው ውስጥ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። እዚህ ቶና፣ በረካ የለም፤ አንዷን ሲኒ ጠጥቶ ሩጫ ነው። አንቺ ብታዪ ቡና ነው አትዪውም። ግን ከባንኩ ጥበቃ ጋር፣ ከሊስትሮው ጋር፣ ስለ አርሰናል ሲነዘንዝ ከሚያነጋው የታክሲ ሹፌር ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ነው የምንጠጣው። አንዳችን ከቀረን «ያ ሰውዬ የት ጠፋ?» ይባላል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ጠያቂ ማግኘት ቀላል አይምሰልሽ።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ካፌ ገብቼ የጾም ማኪያቶ አዛለሁ። አትሳቂ፣ የጾም ማኪያቶ የሚባል ነገር አለ። በላም ወተት ፈንታ በአኩሪ አተር ወይም በለውዝ ወተት ይሠራል፤ አረፋው ሳይቀር ቁጭ ደንበኛውን ነው። የጾም ኬክም አለ። «ይሄማ እግዜርን ማታለል ነው» ስትዪ ከዚህ ይሰማኛል። ስትመጪ አስቀምስሽና ያኔ እንከራከራለን።

አዎ፣ ስትመጪ አልኩ። ወደሱ እመለሳለሁ።

ማታ ከሥራ ስወጣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከመገተር በእግር መሄድ ለምጃለሁ። አንቺ መጨረሻ የመጣሽ ጊዜ የእግረኛ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለነበር ክንዴን ጨምድደሽ ነበር የምትሄጂው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙዎቹ ዋና ጎዳናዎች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ አረፍ የሚባልበት መቀመጫ አለ፣ መብራቱ ሌሊቱን ቀን አስመስሎታል። አመሻሽ ላይ ሰዉ ከነልጆቹ ወጥቶ ይንሸራሸራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሥራ የሌለው ደግሞ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። እርግጥ ለዚህ ሲባል የተነሣው ሰውና የፈረሰው ሰፈር ብዙ ነው፤ ፒያሳን ብታዪያት አታውቂያትም። እየቆጨኝ ነው የምሄድበት። ግን እሄድበታለሁ፣ ደስም ይለኛል።

ክረምት ሲገባ በየጥጉ የበቆሎ ጥብስ አለ። ሴትየዋ ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ እያራገበች «ለጋ ነው ጠንከር ያለ?» ትላለች። እኔ ለጋውን ነኝ። ሸልቅቃ፣ አገላብጣ፣ በራሱ ቅጠል ጠቅልላ ትሰጥሻለች፤ ዳመናው እያጉረመረመ፣ ዣንጥላ የሌለው ሁሉ ወደየቤቱ እየሮጠ፣ አንቺ ጣትሽ እየተቃጠለ ትግጫለሽ። ከዚህ የሚበልጥ እራት በሆቴል የለም።

እሁድ እሁድ ደግሞ በየአካባቢው የእሁድ ገበያ ይቆማል። አምራቹና ማኅበራቱ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፤ ከሱቁ ዋጋ ይቀንሳል። የኛ ሰኞ ገበያን ያህል ግርማ የለውም፣ ለክርክር የሚሰጡሽ ጊዜም አጭር ነው። እኔ የተባልኩትን ከፍዬ ነው የምሄደው። አንቺን ይዤ ብሄድ ግን ሻጮቹ የሚገጥማቸውን ሳስበው ያስቀኛል።

ለጉልበትሽ ያሰብኩት ፍልውሃን ነው። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ብርድ ሰልችቷቸው ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፣ ቤትም አሠሩበት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንግዲህ ይህች አንቺ የልፋት ከተማ የምትያት ራሷ የተጀመረችው በሽርሽር ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከፍሎ ወረፋ መያዝ ነው። እናቶች ፎጣቸውን ታቅፈው ተደርድረው ስለ ወገባቸውና ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ አንቺ እዚያ ከተቀመጥሽ ተራሽ ሲደርስ እንኳን የምትነሺ አይመስለኝም። ውስጥ ገንዳው አለ፣ ሙቁን ከቀዝቃዛው አመጣጥኖ መዘፍዘፍ ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ የደረቀ ትከሻዬን እዚያ ጥዬው ነው የምወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኛ እዚህ ሲሰለቸን ከከተማ እንወጣለን። ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ አራት አምስት የመሥሪያ ቤት ልጆች እናዋጣለን፣ ከቃሊቲ ሚኒባስ እንይዛለን፣ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ መኪና ላለው ቀላል ነው። እኛ በአሮጌው፣ በዱከም በኩል ነው የምንሄደው። ዱከም ግራና ቀኙ ሥጋ ቤት ስለሆነ ጾም ካልሆነ እዚያው የሚቀር ልጅ አይጠፋም።

ቢሾፍቱ ሐይቆቿ ይገርማሉ። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ባቦጋያ ዳር ስትደርሺ መጀመሪያ ሐይቅ መኖሩም አይታወቅሽም፤ ግቢና አጥር ብቻ ነው። ከዚያ መሬቱ ድንገት ገደል ይሆንና ውሃው ከታች ክብ ብሎ ቁጭ ብሏል። ትልልቆቹ ሪዞርቶች ጥሩውን ዳርቻ ይዘውታል፣ የመግቢያቸው ዋጋም ከኔ ኪስ ጋር አይስማማም። እኛ የምንሄድባት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣ የሐይቁን ግማሽ የሚጋርድ ዛፍ አላት። ቆሮሶ ዓሣው ጎኑ ተተልትሎ፣ ጅራቱ ሰሃኑን አልፎ ተጠብሶ ይመጣል። ሎሚ ጨመቅ፣ ዳጣ ነካ፣ ከዚያ ዝምታ ነው፤ አጥንቱን ላለመዋጥ ማንም አያወራም። ሲበቃን እጃችንን ታጥበን ማዶ ማዶ እናያለን። ሰማዩ ከጠራ በደቡብ በኩል ዝቋላ ይታያል፤ አንቺ በስለትሽ የምትጠሪያቸው የአቡዬ ተራራ። ባየሁት ቁጥር «እናቴ ብታይ» እላለሁ፣ ልጆቹም ይቀልዱብኛል።

መመለሻው ላይ አልዋሽሽም፣ እሁድ ማታ ወደ አዲስ አበባ መግባት የሳምንቱን ዕረፍት ግማሹን ይበላዋል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ወጥቶ እሁድ ምሳ ሳይደርስ መመለስ ነው።

ደግሞ ይሄን ከማን የተማርኩ መሰለሽ? ከራስሽ ነው። ሳንነግርሽ ቀርተን እንጂ እኛ ልጆች ሳለን ከዓመት ዓመት የምንጠብቀው ያንን የሐይቅ ጉዞ ነበር። ቆሎው በከረጢት፣ ድፎው በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አንቺ አውቶቡሱ ውስጥ ገና ከደሴ ሳንወጣ «ማን ራበው?» ትዪ ነበር። አባዬና እኔ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንገባለን፤ ገዳሙ ሴት አያስገባምና አንቺ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ውሃው ዳር ትቀሪያለሽ። ስንመለስ «እስኪ ያየኸውን ንገረኝ» ትዪኛለሽ፣ እኔም በልጅ አፌ የሌለውንም እየጨመርኩ አወራልሻለሁ። ደስ ብሎሽ ትሰሚ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ በሰው ዓይን ማየትሽ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ደብረ ሊባኖስን ላሳይሽ ነው ሐሳቤ። ከዚህ በሱሉልታ፣ በሙከ ጡሪ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት የኛው ሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ አይደል? ከዚያ ተነሥተው ነው ይህን ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት። እዚህ ሴት ትገባለች። ቤተ ክርስቲያኑን ትሳለሚያለሽ፣ አባታችን የጸለዩበትን ዋሻና ጠበሉን ታያለሽ። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ፋሺስቶች ስለጨፈጨፏቸው መነኮሳት ስታነሺ ድምፅሽ እንደሚለወጥ አውቃለሁ፤ እዚያው ቦታው ላይ ቆመሽ ትጸልዪላቸዋለሽ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ምሳችንን እንበላለን። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይጠጉሻል። ለወሎ ሰው ጭላዳ ብርቅ አይደለም፣ የከተማ ልጆች ግን ሲያዩ ይጮኻሉ፤ እነሱን ማየት ነው የሚያስቀው። መንገዱን በተመለከተ አታስቢ፣ ሰላም መሆኑን አጣርቼ እንጂ ዝም ብዬ አንቺን ይዤ አልወጣም። ካልሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆያል፣ እንጦጦ አለልን።

እንጦጦማ ቅርብ ነው። መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ወርደን ነጠላና ቀሚስ እናያለን። «ዋጋው ሰማይ ነክቷል» ብለሽ ሳትገዢ እንደምትወጪ አውቃለሁ፣ ማየቱ ይበቃል። ከዚያ በታክሲ ሽቅብ ወደ ማርያም፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ናት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም እዚያው ጫካው ውስጥ ነው። እኔ የምወደው የባሕር ዛፉን ሽታና ብርዱን ነው፤ ጋቢሽን እንዳትረሺ።

ወንጪንም አስቤ ነበር፣ ግን ቁልቁለቱና ፈረሱ ለጉልበትሽ አይሆንም። ተዪው።

እንግዲህ ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው የምትመጪው። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ስለሆነ ገዳሙ በሕዝብ ይጨናነቃል፤ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ብናደርገው ይሻልሻል። አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ ነው፣ በሰማይ ላይ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ ዳዊትሽን ከፍተሽ ሳትጨርሺው ትደርሻለሽ። የመታወቂያሽን ፎቶ ልጅቱ አንስታ ትላክልኝ፤ ስምሽ ትኬቱ ላይ ልክ እንደ መታወቂያው መጻፍ አለበት። ሽሮና በርበሬ ብቻ ያዢ። ቅቤ፣ ማር፣ ድፎ ዳቦ ብለሽ ሦስት ማዳበሪያ እንዳታስሪ፣ ኪሎ ይቆጥራሉ።

«ዶሮዎቹን ለማን ትቼ?» እንደምትዪ ስለማውቅ ጎረቤታችን እትዬን ቀድሜ ደውዬ አናግሬያቸዋለሁ። እንቁላሉ የሳቸው ከሆነ እስከፈለግሽው ጊዜ ድረስ እጠብቃለሁ ብለዋል።

ልጅሽ