ደብዳቤ ለልጄ፤ ስማቸውን ከግድግዳው አንሺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከግንፍሌ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት እምቢ ብሎኛል።

ርዕሰ መምህርት ሆንሽ ሲሉኝ ለጎረቤቱ ሁሉ ቡና አስፈልቼ ነበር። ትናንት ግን ወንድምሽ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የተርም ክፍያ ያልከፈሉ ልጆችን ስም ግድግዳ ላይ ለጥፈሻል አሉ። ሰልፍ ላይም ለብቻ አቁመሻቸዋል። እውነት ነው? በስልክ ልጠይቅሽ ብል ቶሎ ትቆጫለሽ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ልጄ፣ ዕዳው የትልቅ ሰው ነው። ልጁን ዕዳው ውስጥ አታስገቢው።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት አያትርፍ አላልኩም። አንቺንም ያሳደግኩሽ በግል ትምህርት ቤት ደሞዝ ነው። ደርግ የወረሰውን ዘርፍ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መልሶ ለባለሀብት ሲከፍተው፣ ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ ሒሳብ ክፍል ገባሁ። የቤት ኪራዩን፣ የሐምሌና የነሐሴን ደሞዝ አውቀዋለሁ። ወላጅም ግን ተርፎት አይደለም። በ2015 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል እናት ትደነግጣለች። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ምግቡንም ደብተሩንም በነጻ እየሰጣት፣ ከጉሮሮዋ ነጥቃ አንቺ ጋ ታስመዘግባለች።

አንድ ነገር ለእናትሽ እንጂ ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም። ሰኔ 30 ቀን 1992 ነበር፤ አንቺ ያኔ ኬጂ ነሽ። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በመስኮቱ ፍርግርግ እጁን አሾልኮ አራት የታጠፉ አሥር ብሮች ዘረጋልኝ። «እማዬ የቀረውን ለመስከረም ትከፍላለች» አለ። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ ሴት ነበረች። ያልከፈለ ካርድ እንዳይሰጠው ተብለናል። «ወላጅህን ጥራ» አልኩት። አልሄደም።

«እሺ ካርዱ ይቅር። ስንተኛ እንደወጣሁ ብቻ ይንገሩኝ።»

ካርዱ ከክርኔ ሥር ነበር። ከ52 ተማሪ ሁለተኛ። አልነገርኩትም። ብሩን በጨበጠበት እጁ ዓይኑን እየጠረገ በዝናቡ ሄደ። መስከረም ላይ አልተመለሰም። ብነግረው ምን ይጎድልብኝ ነበር? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያ ግቢም አብሮ ፈረሰ፤ መስኮቱ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ስሚኝ። ወላጅ ከዘገየ ደውዪ። ቢሮ ጥሪና በር ዘግታችሁ ተነጋገሩ። ከፋፍለው ይክፈሉ፣ አስፈርሚያቸው። ልጁ ግን ክፍሉ ውስጥ ይማር፤ ልጁን ዕዳው ውስጥ አታስገቢው። ባለቤቱ በዚህ ካልተስማማ ልቀቂለት፤ እኛ ቤት ሽሮ አይጠፋም።

አንቺ ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፣ እናቴ። ሲደክምሽ ድምፅሽ ይሻክራል እንጂ። ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ።

ቅዳሜ ምሳ እጠብቅሻለሁ። የመብራት ካርዱን አስሞዪልኝ። የግፊት መድኃኒቴም አልቋል። የልጆቹንም ስም ዓርብ ሳትወጪ ከግድግዳው አንሺ።

አባትሽ