በሐዋሳ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ አይፈላም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሳይንስ ትምህርት በተግባር ይሰጥ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የዕቃ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። እኛ መምህራን ከዚያ የባሰ የምንለው ግን ሌላ ነው፤ ዕቃው ተገኝቶ ሙከራው ሲሠራ ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ይላል፣ መምህሩም «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ የመጽሐፉን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ዓይኑን እንዳያምን ነው።

የውሃን መፍላት እንውሰድ። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ብረት ድስት፣ የከሰል ምድጃ እና እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ይበቃል። የትኩሳት መለኪያ ከቶ አይሞከር፤ 42 ላይ ስለሚያበቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። በድስቱ አፍ ላይ እንጨት አጋድሞ ቴርሞሜትሩን በሲባጎ ማንጠልጠል ነው፤ ጫፉ ከድስቱ ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ወለሉን ከነካ የብረቱን ሙቀት ያነባል። አንድ ተማሪ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ በየደቂቃው ይመዘግባል።

ቁጥሩ 60፣ 75፣ 88 እያለ ይወጣና 94 አካባቢ ቀጥ ይላል። ውሃው ይንተከተካል፣ ከሰሉ ይራገባል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። መምህሩ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ውሃውን የሚጫንበት ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100፣ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ መሆኑ ለዚህ ነው። እንዲያውም ሐዋሳ ላይ ቴርሞሜትሩ 100 ካነበበ መጠርጠር ያለበት ቴርሞሜትሩ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ከጁስ ቤት የመጣ በረዶ ተፈጭቶ ጥቂት ውሃ ይጨመርበትና ቴርሞሜትሩ እየተማሰለ 3 ደቂቃ ይቆይበት። ዜሮ ካነበበ፣ አንድ ዲግሪ ከፍ ዝቅ ቢልም፣ ጤነኛ ነው። ባቄላ ደጋ ላይ ለምን ቶሎ አይበስልም የሚለው ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው እዚሁ ነው።

ሁለተኛው የጥላ ልኬት ነው። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ፣ ጠመኔ፣ የእንጨቱን ቀጥታ ለማየት ደግሞ ድንጋይ የታሰረበት ክር። ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበታል፤ አጭሩ ጥላ እኩለ ቀንን ያሳያል። ብዙዎች ልክ በ6 ሰዓት ለክተው ይገባሉ፤ ስህተቱ ይህ ነው። ሰዓታችን የተቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ሐዋሳ ያለችው 38 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ ፀሐይ የምትዘገየው 26 ደቂቃ ነው። ይህም በዓመቱ ውስጥ ይወዛወዛል፦ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ 6 ሰዓት ከ10፣ በየካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ40 ይሆናል። የጠዋት ፈረቃ ቀድሞ የሚለቀቅ ከሆነ ጥቂት ተማሪዎች ቆይተው ይመዝግቡ፤ ያለዚያ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

በእኩለ ቀን ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚለው አባባልም ለእኛ ግማሽ እውነት ነው። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ 59 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ 14 አካባቢ 29 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ። በመካከሉ፣ መጋቢት 29 እና 30፣ ፀሐይ ከሐዋሳ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ጨርሶ ይጠፋል። ቢደመን በማግሥቱ ይሞከር፤ ጥላው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ያን ቀን ሜዳ ያልወጣ ክፍል ያመለጠውን ነገር ምንም ሥዕል አይተካውም።

አሲድና ቤዝን ለመለየት ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ይበቃል። ሩቡ ተከትፎ በ2 ኩባያ የፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍና ይጠለል። አሲድ የሆኑት ሎሚና አቼቶ ሮዝ ያደርጉታል፣ ቤዝ የሆነው የተጠለለ የአመድ ውሃ አረንጓዴ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ራሱ ቤዝነት ስላለው ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ጭማቂው ገና ሲዘጋጅ ሰማያዊ ከሆነ የተጠቀማችሁበትን ውሃ ጠርጥሩ። ለቤዝ ምሳሌነት ቤኪንግ ሶዳ ተፈልጎ በፋንታው ቤኪንግ ፓውደር ከተገዛ ለውጡ ይደበዝዛል፤ ውስጡ አሲድም አለበት። በረኪና ቀለሙን ያጠፋዋል እንጂ አይለየውም፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ጭማቂው በእኛ ሙቀት ካደረ ስለሚሸት ለዕለቱ ብቻ ይዘጋጅ።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቢሮ የመምህሩን መምሪያ ሲያሳትም የየከተማውን ከፍታ፣ የውሃ መፍያ ሙቀት፣ የእኩለ ቀን ሰዓትና ጥላ የሚጠፋበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ይጨምርበት፤ ለየትምህርት ቤቱም ሁለት ጤነኛ ቴርሞሜትር ይድረስ። ገጹ ከመጋቢት በፊት ቢደርሰን ለዘንድሮው ልኬት እንጠቀምበታለን።

የሳይንስ መምህራን፣ ከሐዋሳ