ቅዳሜ የምናየው፦ የሐምሌት ሁለት ጓደኞች

ሰላም የፊልም ወዳጆች፣

የዚህ ቅዳሜ ተራ የእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት የቶም ስቶፓርድ ነው። ፊልሙ «ሮዘንክራንትዝ እና ጊልደንስተርን ሞተዋል» ይባላል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ። አዎ፣ መጨረሻው ርዕሱ ላይ ተነግሯል። ስለዚህ «አበላሸህብን» የሚል ቅሬታ አልቀበልም።

ሐምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበባችሁ ሁለቱን ታስታውሷቸው ይሆናል። ንጉሡ የሐምሌትን ሆድ እንዲያዩለት ያስጠራቸው የልጅነት ጓደኞች ናቸው። ሼክስፒር ብዙም አልደከመባቸውም፤ ሞታቸውን እንኳ በወሬ ነው የምንሰማው። እዚህ ግን ካሜራው ከእነሱ ጋር ይቀራል። ትልቁ ትራጄዲ በጎን በኩል ያልፋል፤ እነሱ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አይገባቸውም። ማን ማን እንደሆነም ይምታታባቸዋል።

መክፈቻው እንዳያመልጣችሁ። ሳንቲም ይወረውራሉ፤ ዘውድ። እንደገና፤ ዘውድ። አሁንም ዘውድ። ጊልደንስተርን (ቲም ሮዝ) ይጨንቀዋል፣ ምክንያት ይፈልጋል። ሮዘንክራንትዝ (ጌሪ ኦልድማን) ደንታም የለው። ሁለቱን ለማወቅ ይህ ይበቃል። የቴኒስ ሜዳ ላይ ደግሞ በጥያቄ ብቻ ይመላለሳሉ፤ ጥያቄ ያልሆነ ነገር የተናገረ ነጥብ ይጥላል። ንግግሩ ስለሚፈጥን የግርጌ ጽሑፉን እከፍታለሁ።

የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ወስዷል። እኔ ግን መሃሉ ትንሽ የተንዛዛ ይመስለኛል። ካየነው በኋላ እንከራከርበታለን።

ሰዓቱም ቦታውም የተለመደው ነው። የቆሎ ተረኛ፣ ባለፈው እንደሆነው እንዳትረሳ!