የቀይ ቀበሮ ክትባት ወረርሽኝ አይጠብቅ

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እና ለግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች

ክቡራን ሆይ፣

ከአገራችን ደጋዎች በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ቀርቷል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ነው። በጎጃም ጮቄ ተራራ የነበረው ጠፍቷል። እርሻና ግጦሽ ሽቅብ በወጡ ቁጥር መኖሪያው እየጠበበ ነው፤ በጥቂት ወራት ብዙውን የሚፈጀው ግን ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የቫይረስ በሽታ ነው። ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ለብቻው ቢሆንም ጠዋትና ማታ ከቤተሰቡ ጋር ስለሚገናኝ አንዱ ከታመመ ሌሎቹም ይያዛሉ። በ1996 ዓ.ም. በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በእብድ ውሻ በሽታ አለቁ። ስርጭቱ የተገታው በሸለቆዎቹ መገናኛ ያሉትን ቀበሮዎች ይዞ በመከተብ ነበር፤ ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ማለት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የውሾቹና የቀበሮዎቹ ክትባት በየዓመቱ የማይታጠፍ በጀት ይኑረው።

የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶ መከተብ አለባቸው፤ ይህም በየመንደሩ እንጂ በወረዳ አማካይ መለካት የለበትም። አንድ መንደር ከተዘለለ በሽታው እዚያ ይቆያል። የተከተበውን ውሻ በቀለም ወይም በአንገት ማሰሪያ ምልክት አድርጎ፣ በማግስቱ በየመንገዱ ምልክት ያላቸውንና የሌላቸውን መቁጠር ትክክለኛውን ሽፋን ያሳያል። ቡችሎችም አይታለፉ፤ ውሾች ቶሎ ስለሚተካኩ ዘንድሮ የተገኘው ሽፋን በዓመቱ ይወርዳል። ከብት ተከትለው ወደ ደጋ የሚወጡት ደግሞ ከመንደር ሳይነሡ ይከተቡ። ውሻ መግደል መፍትሔ አይደለም፤ የተከተበው ሞቶ ያልተከተበ ይተካዋል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠበቅ። በተራራ ላይ ከሙቀቱ ይልቅ የሚዘነጋው ውርጩ ነው፦ በረዶ የሆነ የእብድ ውሻ ክትባት ይበላሻልና ጠርሙሱ ከበረዶ ጥቅሉ ጋር አይነካካ፣ ሌሊትም ውጭ አይደር።

ለቀበሮዎቹ በባሌ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በፍየል ሥጋ የተሸፈነ የአፍ ክትባት ቀርቧል። ጥሩ ውጤት የሚሰጠው በየመንጋው ክልል በሌሊት ሲከፋፈል ነው። ይህ ግን ለእብድ ውሻ በሽታ ብቻ ነው። ዲስቴምፐር ይበልጥ በቀላሉ ስለሚተላለፍ ውሾችን በመከተብ ብቻ አይቆምም፤ ለቀበሮዎቹም የራሱ ዕቅድና ገንዘብ ያስፈልገዋል።

የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ድርሻ፣ የዘመቻውን ወርና የየመንደሩን የዓምና ሽፋን በጽሑፍ ይፋ እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።