ሽማግሌ ረገጠ ተባልኩ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የመኪና አደጋ ዜና ስታወጡ መጨረሻው ሁሌ «አሽከርካሪው በቁጥጥር ሥር ውሏል» ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምናውቀው የተገጨነው ነን።

እኔ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አምና አመሻሽ ላይ ሱቄን ዘግቼ መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ፒካፕ ጠርዙን ወጥቶ ቀኝ እግሬን ጨፈለቀው። ሾፌሩ ከጋቢና ወርዶ መቆም ስላቃተው በሩን ተደግፎ «አይዞህ ጋሼ» ይለኛል፤ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ እኔን ሰዎች ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ገና ቁስሌ ሳይጠግግ ነው። ብርቱካንና ስኳር ይዘው፣ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ከፊት አስቀድመው፣ እንደ ወሎ ደንብ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኳቸው፤ ምርቃታቸውም ከልብ ነበር። ከምርቃቱ በኋላ ግን ከአንዱ ኪስ የተተየበ ወረቀት ወጣ። ለሕክምና የተጻፈውን ብር ተቀብዬ ከእንግዲህ በአሽከርካሪውም ሆነ በመኪናው ባለቤት ላይ ምንም የካሳ ጥያቄ እንደማላነሳ ይላል። ባለቤቱ እዚያ አልነበረም። ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ፣ እሱ የለም።

«ልጅ ነው፣ ያሳተው መጠጡ ነው» አሉኝ። መጠጡማ መሪ አልያዘም።

ሾፌሩን ይቅር ብየዋለሁ፤ እዚያው ፊታቸው ተናግሬያለሁ። ወረቀቱን ግን አልፈረምኩም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ግልግል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጥረው። ዛሬ የፈረመ ሰው ነገ ሐኪሙ «እግርህ ውስጥ ያለው ብረት ይውጣ፣ ሌላ ቀዶ ጥገና አለብህ» ቢለው ለማን አቤት ይላል? የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን ፐርሰንት ሳይወስን ምን ያህል እንደጎደለኝ እኔስ በምን አውቃለሁ? ፐርሰንቱም ቢሆን ብቻውን ሁሉን አይናገርም። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ናት። አሁን ተረከዜን አሳርፌ ጣቶቼን ማንሳት ስለማልችል ፔዳሉ መንገድ ላይ ይቆምና መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ክሩ ይበጠሳል። አንድ ሱሪ ጨርሼ ለመስጠት ቀኑን ሙሉ ከክር ጋር ስታገል እውላለሁ። ይህን ዳኛ ፊት በገቢ ቆጥሮ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የባለቤቱን ነገር ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ ለካሳው ሾፌሩ ስንት መለኪያ ጠጣ ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ስካሩ ለወንጀሉ ክስ ነው የሚጠቅመው። ሽምግልናው ሁሉ ኪሱ ባዶ በሆነ ሾፌር ዙሪያ የሚዞረው፣ ባለቤቱም ቤቱ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያለ መድን መኪና መንዳትን ይከለክላል፤ ገጭቶ በተሰወረ መኪና ለተጎዳም ሰው የመድን ፈንድ አለ።

ለሕሊና ጉዳት ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚፈቅደው ቢበዛ 1,000 ብር ነው። በጃንሆይ ጊዜ የተጻፈ ነው፤ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። የምክር ቤት አባሎቻችን ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ከሆነ ይህችን ቁጥር ያንብቧት።

ጊዜውም አይጠብቅም። ለካሳ ክስ በመሠረቱ ያለው ሁለት ዓመት ነው። «ሐጂ ከመካ ይመለሱ»፣ «ፋሲካ ይለፍ» እየተባለ ቀጠሮ ሲገፋ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ባለመፈረሜ ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌ ረገጠ ይለኛል። በየትኛው እግሬ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ሽምግልናን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ አባቴም ስንት ደም አድርቀዋል። የምለምነው የቦርዱ ውጤት ሳይወጣ ወረቀት እንዳታስፈርሙ ነው። እስከዚያ ገንዘብ ከተሰጠም «ለጊዜው ለሕክምና» ተብሎ ይጻፍበት። እኔ ዘንድ ለሚመለሱት ሽማግሌዎች ቡናው አለ፤ ሲመጡ ግን የመኪናውን ባለቤት ይዘውልኝ ይምጡ።

ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ