ድንጋይ ጠራቢ አሁንም አለ፣ አባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዴልሂ ሙቀት በረድ ብሏል፤ ትምህርቱም እየሄደ ነው።

ባለፈው በስልክ «የሄድክበትን ሁሉ ፎቶ እያነሳህ ላክልኝ» ብለውኝ ነበር። ይኼኛው ግን ፎቶ የለውም። አክሻርድሃም ወደሚባለው ትልቁ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሄጄ ነበር። እዚያ ስልክም ካሜራም ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ አስረክቦ፣ ተፈትሾ ነው የሚገባው። ስለዚህ በቃል ልንገርዎ። ይህን የድንጋይ ሕንጻ ለእርስዎ፣ ለድንጋይ ጠራቢው፣ ካልነገርኩ ለማን እነግረዋለሁ?

ከሁሉ በፊት ግን እንዳይጨነቁ። አልሰገድኩም። ጫማዬን አውልቄ፣ ተራዬን ጠብቄ ገባሁ፤ ቆሜ አየሁ፤ ወጣሁ። ሰው የሚጸልይበት ቤት ስለሆነ በአክብሮት ነው የቆምኩት። ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

መቼም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ መሠረቱን ነው። ቦታው ያሙና የሚባለው ወንዝ ዳር ነው፤ አፈሩ አሸዋማ ነው። እንዲያ ያለ ቦታ ላይ ከባድ የድንጋይ ቤት ማቆም ምን እንደሚያስፈራ ያውቁታል። አራት ሜትር ተኩል ያህል ድንጋይና አሸዋ ከሽቦ መረብ ጋር አያይዘው ሞሉ። በላዩ ላይ አንድ ሜትር ተኩል አርማታ አፈሰሱ። ከዚያ 5 ሚሊዮን የሸክላ ጡብ ደርድረው ከ6 ሜትር በላይ ከፍ አደረጉት፤ ከዚያ እንደገና አርማታ።

ከዚያ በላይ ግን፣ አባባ፣ ፌሮ የለም። አርማታም የለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው የቆመው። ብረት ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቃል፤ እርስዎ ይህን ስንቴ ሲሉ ሰምቻለሁ! እነሱም የሸሹት ያንኑ ነው፤ ቤቱ ሺህ ዓመት እንዲቆም ነው ያሰቡት። ቁመቱ 43 ሜትር፣ ርዝመቱ 109፣ ስፋቱ 96 ሜትር ነው። 234 የተቀረጹ ምሰሶዎችና 9 ጉልላቶች አሉት። ውጪው ራጃስታን ከሚባለው የሕንድ ክፍለ ሀገር የመጣ ሮዝ መልክ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ከጣሊያን አገር፣ ከካራራ፣ የመጣ ነጭ እብነ በረድ።

እኔን ያስቀረኝ ግን የታችኛው ዙሪያ ነው። ቤቱን ዙሪያውን 148 የድንጋይ ዝሆኖች ተሸክመውታል። አንዱ አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ጠራቢው የኩምቢውን እጥፋት አንድ በአንድ አውጥቶታል፤ ልክ የእርስዎ እጅ አንጓ ላይ እንዳለው ቆዳ። ዓይኑ ዙሪያ ያለው መስመር እንኳ አልቀረውም። አንዱ ድንጋይ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን መጋጠሚያ በዓይኔ ስፈልግ ነበር። ሳገኘው ደግሞ ቀጭን ናት፤ ምላጭ እንኳ የምታስገባ አልመሰለኝም። ሰው ሁሉ ወደ ጉልላቱ አንጋጦ ያልፋል፤ እኔ አጎንብሼ መጋጠሚያ እቆጥራለሁ። የግንበኛ ልጅ ምን ያድርግ?

ላሊበላን አብረን ስንሳለም ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ «እዚህ የተሳሳተ ጠራቢ ድንጋዩን መቀየር አይችልም» ብለው ነበር። እዚያ ቤቱ ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ነው የወጣው። እዚህ ሥራው ሌላ ነው። ድንጋዩ ራጃስታን ውስጥ ተጠርቦ፣ ሌሊት ሌሊት በመኪና ተጭኖ ይመጣና ዴልሂ ላይ ይገጠማል። ሩቅ ቦታ የተጠረበው ሁሉ እዚህ ሲደርስ በልኩ መግባት አለበት። የትኛው እንደሚከብድ እርስዎ ይፍረዱ።

ደግሞ ጥንታዊ ቤት እንዳይመስልዎ። ቤቱን ያሠራው የሂንዱ መንፈሳዊ ማኅበር የያኔ መሪ በወንዙ ዳር ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ምኞታቸውን የተናገሩት በፈረንጆች 1968 ነው። መሬቱ የተገኘው በ2000 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መሠረቱ ተጣለ፣ በ2005 ኅዳር ተመረቀ። አምስት ዓመት! 7 ሺህ ያህል ጠራቢዎች ሠርተውበታል፤ በነፃ ያገለገሉም በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ድርቅ የጎዳቸው ገበሬዎችና ብዙ ሴቶች ከዚህ ሥራ እንጀራ አግኝተዋል። የመጀመሪያውን ቆረጣ ማሽን ሠርቶታል፤ ጥቃቅኑ ቅርጽ ግን በሰው እጅ፣ በመሮና በመዶሻ ነው የወጣው።

የምረቃው ነገርም ደስ ይልዎታል። ያን ጊዜ የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ከላም ሙስሊም ነበሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ ደግሞ ሲክ የሚባለው ሃይማኖት ተከታይ። ሁለቱም ተገኝተው የሂንዱዎቹን ቤት መርቀዋል።

ውስጡ ማኅበሩ የሚያከብራቸው የስዋሚናራያን በወርቅ የተለበጠ ሐውልት አለ። እኚህ ሰው በ1781 ነው የተወለዱት፤ ገና በ11 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው በባዶ እግራቸው ሕንድን ዞሩ ይሏቸዋል። ግቢው ውስጥ የጀልባ ጉዞም፣ ማታ ማታ የውሃና የመብራት ትርኢትም አለ። ልጆች በጣም ይወዱታል። ለእኔ ግን ትርኢቱ በዛብኝ። ድንጋዩ ብቻውን ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። መሮዎትን በጆንያ ጠቅልለው ቆጥ ላይ የሰቀሉ ዕለት «ይህ ሙያ በእኔ አበቃ» ብለው ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን አለኝ። አባባ፣ ሙያው አላበቃም። እነዚያ ጠራቢዎች የእኛ ዘመን ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ አሉ፤ የሚያሠራቸውም አገኙ። እኛ አገር የጎደለው አሠሪው ነው። ሁሉም ብሎኬትና መስታወት ይላል፤ ጥርብ ድንጋይ የሚያዝ የለም። እጁማ አለ። እርስዎ ጋ አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። ማሙሽ ትምህርት ሲዘጋ እርስዎ ጋ ይምጣ። መሮዎቹን ከቆጡ ያውርዱና ስማቸውን ይንገሩት። ድንጋይ ሲመረጥ በመዶሻ መትተው ድምፁን እንዴት እንደሚሰሙ፣ የትኛው ጎኑ በቀላሉ እንደሚሰነጠቅ፣ ማዕዘን እንዴት እንደሚወጣ ያሳዩት። ስልክ አለው፤ እጅዎ ሲሠራ ይቅረጽዎ። ባያወሩም ግድ የለም፣ እጅዎ ይታይ። ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ ደስ ብሎታል።

ኪኒንዎን እንዳይረሱ። ለእማማ፣ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የዝሆኖቹን ነገር በተመለከተ፣ ያን ያህል ክብደት ከላያቸው ተጭኖ እግራቸው እንዳይሰነጠቅ ጠራቢው ምን እንዳደረገ አልገባኝም። የሚመስልዎትን በማሙሽ በኩል ይላኩልኝ።

ልጅዎ
ከዴልሂ