ሳታዪ እንዳትመቺ

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ከቦርሳሽ ውስጥ የማስቀምጠው፣ ፊት ለፊት ብነግርሽ እንደ ወትሮው «አባዬ፣ ሰምቻለሁ» ብለሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። እናትሽ ትናንት ማታ እንደነገረችኝ፣ ነገ የምትሄጂበት የዚያ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ልስን በሁለት ሳምንት ተላጦ እንዲያልቅ አሠሪዎችሽ ወስነዋል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ልስን ሥር ምን እንዳለ አንድም ሰው ሳያጣራ ሥራው በቀን ተቆጥሮ ከተሰጠሽ፣ ጥድፊያው ወደ እጅሽ እንዳይጋባ እፈራለሁ። አደራሽን፣ ሳታዪ እንዳትመቺ።

የዌልስ የገጠር አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት ለዓይን የሚሞላ አይደለም። ድንጋዩ እንደ ነገሩ የተጠረበ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ግቢው ግን ክብ ከሆነና ይው የሚባለው ጽድ የሚመስል ዛፍ ከቆመበት፣ ቦታው ከሕንፃው በብዙ ሊቀድም ስለሚችል በቀስታ ግቢ። በየመንደሩ ስም ላይ የምታገኚው «ላን» የሚለው ቃል እንኳ ቀድሞ የታጠረ ቅጥር ማለት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ማለት የሆነው በኋላ ነው።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት በጥቁር ተራሮች ውስጥ ያለውን የፓትሪሾን ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ እዪ። እኛ መቅደሱን በመጋረጃ እንደምንለየው፣ እነርሱም ምእመናን የሚቆሙበትን ከመንበሩ የሚለዩት ከኦክ እንጨት በተሠራ መከለያ ነበር። የፓትሪሾው መከለያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1500 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ ቀለም ሳይነካው በላዩ ካለው ሰገነት ጋር እስከ ዛሬ ቆሟል። በላዩ የተቀረጸውን የወይን ሐረግ በዓይንሽ እየተከተልሽ ወደ ዳር ብትሄጂ፣ ግንዱን በአፉ የያዘ ዘንዶ ታገኛለሽ። ከመከለያው ፊት በግራና በቀኝ ሁለት የድንጋይ መንበሮች አሉ፤ በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን የድንጋይ መንበር ይፍረስ ሲባል እነርሱ ተረፉ። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ማጭድ፣ የአሸዋ ሰዓትና አካፋ የያዘ አጽም ተሥሏል። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1561 እንዲህ ያሉት የመከለያ ሰገነቶች እንዲወርዱ ስላዘዘች፣ በብዙ ሌሎች አጥቢያዎች የምታገኚው በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ የትም የማያደርስ ጠባብ ደረጃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ በምትሠሪበት ቦታ ካለ ለብቻሽ አትውጪበት፤ ድንጋዩ ተበልቶ ያዳልጣል።

ስለ ሥዕሎቹም ታውቂያለሽ። በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ ከ1547 ጀምሮ፣ ቅዱሳት ሥዕላት እንዲጠፉ ሲታዘዝ ብዙዎቹ በኖራ ተሸፈኑ። ሸፋኞቹ ሊያጠፏቸው ቢያስቡም፣ ኖራው ንብርብር በንብርብር እየተቀባ አቆያቸው። በላንካርቫን፣ በቅዱስ ካዶክ ቤተ ክርስቲያን፣ በ2008 ከተነሣ ኖራ ሥር የታየች ቀጭን ቀይ መስመር ነበረች መነሻው፤ ባለሙያዎች በትንንሽ ስለት ለዓመታት ገላልጠው በ15ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ የተሣለ ቅዱስ ጊዮርጊስ አገኙ። ስንሄድ ሕፃን ስለነበርሽ ትዝ የሚልሽ ብስኩቱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እናትሽ «ቢሩታዊትስ የታለች?» ብላ ዛፍ ላይ ስትፈልጋት፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ ከግንብ ላይ ሆነው ጦርነቱን ሲመለከቱ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከዚያው ግድግዳ ላይ በከፈን የተጠቀለለ በድን አንድን የለበሰ ያጌጠ ጎረምሳ እጁን ይዞ ይወስደዋል። እናትሽ ከጊዮርጊስ ፊት ተሳለመች፤ እኔ ግን ወደ ውጭ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ እስከ ዛሬ ለሁለታችሁም አልነገርኩም።

አንቺ ሳትወለጂ፣ ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በቀን ሠራተኛነት ልስን አወርድ ነበር። ፎርማኑ «ሁሉንም እስከ ድንጋዩ አውርዱ» ብሎን ሄዷል። መሮዬን ስመታ አንድ ትልቅ የኖራ ቅርፊት ወደቀና ከሥሩ የጣት ውፍረት ያለው ቀይ መስመር ታየኝ። ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ይሄዳል፤ እንደ ፈረስ አንገት። በልጅነቴ ከአያቴ ጋር የቆምኩበትን ግድግዳ ስለማውቅ ምን እንደሆነ አልጠፋኝም። ግን ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር፣ ቋንቋውም አልነበረኝም፣ ሥራውንም እንዳላጣ ፈራሁ። እንደገና መታሁ። እስከ ምሳ ሰዓት በካሪዮላ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ደፋሁት። በማግሥቱ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰንነው። ኖራ እርጥበትን አስገብቶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ለሌላ ሥራ ብመለስ ግድግዳው ላብ አውጥቶ፣ ጨው አብቦበት፣ የድንጋዩ ፊት እየተፈረፈረ ነበር። ፎርማኑን አልወቅስም፤ መስመሩን አላየውም። ያየሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ መዶሻ ከማንሣትሽ በፊት ባትሪሽን ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን አስጠግተሽ አብሪ፤ ብርሃኑ አግድም ሲሄድ እብጠቱም ስንጥቁም ይታይሻል። ቀይም ይሁን ጥቁር ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ካየሽ እጅሽን ሰብስበሽ ፎቶ አንሺና የበላይሽን ጥሪ። «ቀጥዪ» ቢሉሽ ሳታዪ እንዳትመቺ፤ አይተሽም እንዳትመቺ። ከሥራ ቢያባርሩሽ እዚህ ቤት አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ እናትሽ ብትቆጣ ለእኔ ተዪው።

ኖራ ዓይን ያጠፋልና መነጽርሽን አታውልቂ፤ ቢረጭብሽ በብዙ ውኃ ታጥበሽ ሳትዘገዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። አዲሱ የኖራ ልስን ሳይደርቅ ውርጭ ከነካው ይፈረካከሳልና በብርድ እንዳትለስኚ። ሹሮውን እናትሽ ከጫማሽ አጠገብ አድርጋዋለች፤ ክዳኑ ስለሚላላ ቀጥ አድርገሽ ያዢው።

በቡናው ጣሳ ውስጥ የነበረችውን ቁራጭ ታስታውሻለሽ፤ ልጅ ሳለሽ «ይህ ምንድን ነው?» ስትዪኝ «የሸክላ ስባሪ ነው» ብዬ ዋሽቼሽ ነበር። ሦስተኛውን ካሪዮላ ስደፋ ከኪሴ የከተትኳት ናት፤ ቀዩ መስመር በአንድ ጎኗ አሁንም አለ። በጥጥ ጠቅልዬ ከጓንትሽ ጋር አስቀምጬልሻለሁ። እንደደረስሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ